ወደ 40 የሚጠጉ የሊኑክስ ሰርቨሮችን አፕዴትና ሪቡት በራሱ እንዲሄድ ማድረግ፦ ከየት ልጀምር?

ሰርቨር_ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ገንዘብ ነክ በሆነ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። ሊኑክሱ በእኔና በአንድ ባልደረባዬ እጅ ነው ያለው። ወደ 40 የሚጠጉ ሰርቨሮች አሉን። አብዛኞቹ ኡቡንቱ 22.04 እና 24.04 ናቸው፣ ጥቂቶቹ ሮኪ 9፤ ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው። ከፊት ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል ኤችኤፕሮክሲ አለ፣ ከኋላው የጃቫ አፕሊኬሽኖቹ፣ ከሥር ደግሞ ሁለት ፖስትግሬስ ዳታቤዞች፤ አንዱ ዋና፣ ሌላው የእሱ ቅጂ የሆነ ሬፕሊካ። ክላውድ ላይ ምንም የለንም። ሁሉም ያለው እዚሁ የራሳችን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው።

አፕዴት እስካሁን በእጅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ በአንድ እየገባን እንጭናለን። መጫኑ ባይከፋም ሪቡት (ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት) ላይ ሲደረስ ማንም አይደፍርም። «ሌላ ጊዜ» ይባልና ይታለፋል። አሁን ለወራት ሳይጠፉ የቆዩ ማሽኖች አሉ። አዲስ ከርነል (የሊኑክሱ ዋና እምብርት) ተጭኖባቸዋል፣ የሚሄደው ግን አሮጌው ነው። በቅርቡ የመጣው ኦዲተርም የያዘን እዚሁ ላይ ነው። የተጫነውን ተዉት፣ አሁን እየሄደ ያለውን ከርነል አሳዩኝ አለ።

በዚያ ላይ ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ቆየና ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) አለቀ። መብራት ሲመለስ አብዛኛው ተነሳ። አንዱ ግን ዲስክ ማውንት (ዲስኩን ማያያዝ) ላይ ቆሞ ቀረ። ሌላው ተነስቶ አፕሊኬሽኑ የለም። ከዚያ ወዲህ አለቃችን ሪቡት የሚል ቃል መስማት አይፈልግም።

አፕዴቱ በራሱ እንዲጫን ላድርግ? ሪቡቱንስ በራሱ እንዲያደርግ መፍቀድ ያስኬዳል? ዳታቤዙን እንዴት ልያዘው? ኢንተርኔታችንም ሰፊ አይደለም፤ ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ማውረድ ሲጀምር ቢሮው ይቆማል።

አሮጌ_ተርሚናል፦

እህቴ፣ ከልቤ ልምከርሽ። ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሰርቨር ላይ አውቶማቲክ አፕዴት አትክፈቺ።

እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2023 ዴታዶግ የሚባለው የሰርቨር መከታተያ ኩባንያ ላይ የደረሰውን አንብቢ። ራሳቸው በዝርዝር ጽፈውታል። የሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳና የሚያስተዳድር) የደህንነት አፕዴት ኡቡንቱ 22.04 ማሽኖቻቸው ላይ በራሱ ተጫነ። በዚያ ምክንያት ኔትዎርኩን የሚይዘው ሲስተምዲ-ኔትዎርክዲ ጠፍቶ ተነሳ፤ ሲነሳም እሱ የማያውቃቸውን የራውቲንግ ሕጎች ጠረገ። ሕጎቹን ያስቀመጠው ሲሊየም የሚባል ሌላ የኔትዎርክ ሶፍትዌር ነበር። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች ከኔትዎርክ ወጡ። እነሱ ያን ያህል መሐንዲስ ይዘው እንዲህ ከሆኑ እናንተ ሁለት ሆናችሁ ምን ትሆናላችሁ? በእጅ ሥሪ፣ እያየሽ ሥሪ። ይዘገያል እንጂ እንቅልፍሽን ትተኛለሽ።

ምሽት_ፈረቃ፦

የአሮጌ_ተርሚናል ስጋት ይገባኛል፣ ታሪኩም እውነት ነው። እኔ ግን ከዚያ ታሪክ የማነበው ሌላ ነገር ነው። ያንን አፕዴት አደገኛ ያደረገው በተለያዩ ክላውዶችና ሪጅኖች ያሉ ማሽኖችን በአንድ ሰዓት ውስጥ መምታቱ ነው። ኡቡንቱ ላይ አፕት-ዴይሊ-አፕግሬድ የሚባለው ታይመር ካልነካሽው 06:00 ላይ ይነሳል። እስከ 60 ደቂቃ ድረስ በዘፈቀደ ይዘገያል፣ ከዚያ በላይ አይበተንም። አንዱ ማሽን ላይ ችግሩ ታይቶ ሌሎቹን ለማስቆም ጊዜ አልነበረም።

ያንቺ ሰርቨሮች ሰዓት ዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት የሚዘገየው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከሆነ ደግሞ ያ 06:00 በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ደንበኛ የሚበዛበት ሰዓት። ዛሬውኑ ታይመሮቹን ዘርዝረሽ እይ። አፕዴትን በራሱ የሚጭነው አንአቴንድድ-አፕግሬድስ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ከመጀመሪያው ተከፍቶ ነው የሚመጣው፤ እናንተ በእጅ እንጭናለን ስትሉ ግማሹ በራሱ እየተጫነ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ታይመሩ ሰዓቱ ካለፈው ማሽኑ እንደተነሳ ወዲያው እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። ንጋት ላይ መብራት ሄዶ ረፋድ ላይ ቢመለስ፣ ሰርቨሮቹ ገና ከመነሳታቸው አፕዴት ይጀምራሉ። በዚያ ሰዓት አንቺ የምትፈልጊው አፕሊኬሽኑ ቶሎ እንዲመለስ ነው። ታይመሩ ውስጥ ፐርሲስተንት የሚለውን መስመር ወደ ፎልስ ቀይሪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያንቺ ችግር አፕዴት አይደለም፣ ሪቡት ነው። ሰርቨሮችሽ መብራት በሄደ ቁጥር ሪቡት እየተደረጉ ነው። ያ ሪቡት ያልታቀደ ነው፣ ሁሉንም በአንዴ ነው፣ ማንም ባልተዘጋጀበት ሰዓት ነው። ለአለቃሽ ይህን በግልጽ ንገሪው። ሪቡት ያልተደረገ ሰርቨር የተረጋጋ ሰርቨር አይደለም፤ ተመልሶ ይነሳ አይነሳ የማይታወቅ ሰርቨር ነው። ክረምት ላይ ያያችሁት ሁለቱም ብልሽት በታቀደ ሪቡት ቀድሞ ሊገኝ የሚችል ነበር።

ስለዚህ ምንም አውቶማቲክ ነገር ከመጻፍሽ በፊት እያንዳንዱን ማሽን በእጅ አንድ ጊዜ አስነሺው። አፕዴት ሳትጭኚ። ይህ ቅደም ተከተል ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። አፕዴት ጭነሽ ሪቡት ስታደርጊ ካልተነሳ ጥፋቱ የአዲሱ ከርነል ይሁን ከወራት በፊት አንድ ሰው የነካካው ኮንፊግ አታውቂም። ሳትጭኚ ሪቡት አድርገሽ ካልተነሳ መልሱ በእጅሽ ነው።

ከማስነሳትሽ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያያይዛቸው ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ ያለው የማሽኑ የራሱ ዲስክ ሁሉ በዩዩአይዲ (በዲስኩ ቋሚ መለያ) ይሁን። ማሽኑ ለመነሳት የማያስፈልጉት፣ በተለይ በኔትዎርክ የሚመጡት ኤንኤፍኤስ ዲስኮች፣ ባይገኙም ማሽኑ እንዲነሳ የሚያደርገው ኖፌይል ይጨመርባቸው። ያ ሳይኖር ዲስኩ በጊዜው ካልተገኘ ሰርቨሩ መነሳቱ ሊዘገይ ወይም ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ገብቶ ሰው ሊጠብቅ ይችላል። ማውንት ላይ ቆመ ያልሽው ማሽን እንደዚህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሰርቪሶቹ። ተነስቶ አፕሊኬሽኑ የለም ያልሽው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ሰርቪሱ ስታርት ተደርጎ ኢኔብል (ማሽኑ ሲነሳ በራሱ እንዲነሳ) አልተደረገም፣ ወይ አንድ ሰው ስክሪን በሚባለው የተርሚናል ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የጃቫውን ትእዛዝ በእጅ አስጀምሮ ሄዷል። ሁለተኛው በአገራችን ቢሮዎች በጣም የተለመደ ነው። አሁን ከሚሄዱት ፕሮሰሶች ውስጥ የሲስተምዲ ዩኒት (የማስነሻ ፋይል) የሌላቸውን ፈልጊ፣ ለእያንዳንዳቸው ዩኒት ጻፊላቸው። ፋየርዎሉንም እዪ። በእጅ የገቡ የአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ሕጎች ካልተቀመጡ ከሪቡት በኋላ የሉም። አፕሊኬሽን በኮንቴይነር የሚያስኬደው ዶከር ካላችሁ ኮንቴይነሮቹ የሪስታርት ፖሊሲ ይኑራቸው። ቡት ፓርቲሽን በአሮጌ ከርነሎች ሞልቶ እንደሆነም ተመልከቺ፣ ከሞላ አዲሱ ከርነል ግማሽ ላይ ይቀራል።

በመጨረሻ አይድራክ ወይም አይሎ (ሰርቨሩን ከሩቅ ለማየትና ለማስነሳት አብሮት የሚመጣው መቆጣጠሪያ) ይሠራል? ፓስወርዱን የሚያውቅ አለ? ከሩቅ የምትገቢበት ኤስኤስኤች ሲሞት የማሽኑን ስክሪን ማየት የምትችዪበት መንገድ ሳይኖርሽ ከቤት ሆነሽ ሪቡት አታድርጊ።

ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ሳምንታት ይወስዳል። አውቶሜሽን የምንለው ነገር አብዛኛው ክፍል ግን ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስክሪፕት ነው።

አጫጫኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ኡቡንቱዎቹ ላይ አንአቴንድድ-አፕግሬድስ የደህንነቱን ብቻ ይጫን፣ ከመጀመሪያውም ወደዚያ ነው የተቃኘው። አውቶማቲክ-ሪቡት የሚለውን ፎልስ ላይ ተዪው። ሮኪ ላይ ይህንኑ የሚሠራ ዲኤንኤፍ-አውቶማቲክ አለ፤ አፕግሬድ ታይፑን ሴኩሪቲ፣ አፕላይ-አፕዴትስን የስ። ለኢንተርኔቱ አንድ ማሽን ላይ የወረዱ ፓኬጆችን የሚያስቀምጥ አፕት-ካቸር-ኤንጂ ትከዪና ሌሎቹ በፖርት 3142 በእሱ በኩል ይሂዱ። አንዱ ያወረደውን ፓኬጅ ሌሎቹ ከቢሮው ውስጥ ያገኙታል፣ ከውጭ የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኤችቲቲፒኤስ የሚጠቀሙ ሪፖዚተሪዎችን ግን ካሽ አያደርግም፣ የኡቡንቱው ኤችቲቲፒ ስለሆነ ችግር የለም።

24.04 ላይ አንድ ነገር ጠብቂ። ኒድሪስታርት የሚባለው መሣሪያ ላይብረሪ የተቀየረባቸውን ሰርቪሶች ሳይጠይቅ በራሱ አጥፍቶ ያስነሳል። ለድር ሰርቨር ጥሩ ነው። መነሳት ለሚያዘገይ የጃቫ አፕሊኬሽን ግን በሥራ ሰዓት አትፈልጊውም። በኮንፊጉ ውስጥ ስማቸውን ጠርተሽ አስወጪያቸው፣ በሪቡቱ ሌሊት ይነሳሉ።

ሪቡቱን ብዙ ማሽኖችን ከአንድ ቦታ ለሚያዘው ለአንሲብል ስጪው፣ ለየማሽኑ አትተዪው። ፕሌይቡኩ (የአንሲብል የሥራ ዝርዝር ፋይል) መጀመሪያ ሪቡት የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ ይጠይቅ። ኡቡንቱ ላይ በቫር-ራን ሥር ሪቡት-ሪኳየርድ የሚባል ፋይል ካለ ያስፈልጋል። ሮኪ ላይ ኒድስ-ሪስታርቲንግን በኤር አማራጩ ስትጠሪው 1 ከመለሰ ያስፈልጋል። የማያስፈልገውን አትንኪ።

ከዚያ ሲሪያልን (በአንድ ዙር ስንት ማሽን እንደሚሄድ የሚወስነውን) 1 አድርጊው። አንዱ ማሽን ከኤችኤፕሮክሲ ይወጣል፣ የያዛቸው ግንኙነቶች እስኪያልቁ ይጠበቃል፣ ሪቡት ይደረጋል፣ አፕሊኬሽኑ ራሱ መልስ መስጠቱ ይፈተሻል፣ ይመለሳል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። አንዱ ካልተነሳ ፕሌይቡኩ እዚያው ይቆማል፤ የሚጎድልሽ አንድ ማሽን ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሥራቸው ላይ ናቸው። ብዙ ማሽን በአንድ ዙር የምታስነሺ ከሆነ ማክስ-ፌይል-ፐርሰንቴጅን 0 አድርጊ፣ ካልሆነ ያልተነሱ ማሽኖች እያሉ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል። የአንሲብል ሪቡት ሞጁል ሳትነኪው የሚጠብቀው 600 ሰከንድ ነው። ትልቅ ሜሞሪ ያላቸው አካላዊ ሰርቨሮች ሜሞሪያቸውን ፈትሸው እስኪነሱ ከዚያ ሊያልፉ ስለሚችሉ አስፊው።

ፍተሻው ላይ አትቆጥቢ። ማሽኑ ፒንግ መለሰ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ኤስኤስኤች ገባ ማለትም ያው ነው። ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው አፕሊኬሽን ዳታቤዙን አግኝቶ መልስ ሰጠ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ሰርቨር_ክፍል፦

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። ታይመሮቹን አሁን አየኋቸው፣ እንዳልከው በራሱ እየተጫነ ነው የቆየው። የማሽኖቹ ሰዓትም የተደባለቀ ነው፤ አንዳንዱ ዩቲሲ፣ አንዳንዱ የአዲስ አበባ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ፖስትግሬሶቹን ምን ላድርግ? አንዱ ሲወድቅ ሌላውን በራሱ ዋና የሚያደርገው ፓትሮኒ የለንም፣ ሬፕሊኬሽኑ ተራው ነው። ሌላው ሪቡቱ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ቀን ይሁን?

ምሽት_ፈረቃ፦

ፖስትግሬሱን ከአውቶማቲኩ አውጪው። አንአቴንድድ-አፕግሬድስ ኮንፊግ ውስጥ ፓኬጅ-ብላክሊስት የሚለው ቦታ ላይ አስገቢው። ምክንያቱም ኡቡንቱ ላይ የፖስትግሬስ ፓኬጅ ሲታደስ ዳታቤዙ ጠፍቶ ይነሳል፣ ያ የሚሆንበትን ደቂቃ መምረጥ ያለብሽ አንቺ ነሽ። ፓኬጁን ከፖስትግሬስ የራሱ ሪፖዚተሪ የጫናችሁት ከሆነ ደግሞ ካልፈቀድሽለት አይነካውም፤ ያኔ የሚያሰጋው ጭራሽ መረሳቱ ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ሬፕሊካውን አድሺና አስነሺ። ዋናው ላይ ገብተሽ ፒጂ-ስታት-ሬፕሊኬሽንን እይና ሬፕሊካው እንደደረሰበት አረጋግጪ። ከዚያ ዋናው። ፓትሮኒ ቢኖር ስዊችኦቨር (ዋናውንና ሬፕሊካውን ማቀያየር) አድርጊ እልሽ ነበር። ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ከዚህ በፊት ሳትለማመዱት፣ ሌሊት ላይ ሬፕሊካውን ዋና ማድረግና አሮጌውን መልሶ ማገናኘት ግን ከአጭር መቋረጥ የበለጠ ያስፈራኛል። ቀድማችሁ አሳውቁ፣ አፕሊኬሽኖቹን አቁሙ፣ ዳታቤዙ ላይ ቼክፖይንት (በሜሞሪ ያለውን ዲስክ ላይ የሚያስጽፍ ትእዛዝ) ስጡ፣ ከዚያ ሪቡት። ቼክፖይንቱ ቀድሞ ከተሰጠ ሲጠፋ ዲስክ ላይ የሚጽፈው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይዘጋል። የዳታቤዝ ሪቡት ሰው ቁጭ ብሎ እያየው ይሁን። እዚህ ላይ ከአሮጌ_ተርሚናል ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ሰዓቱን በተመለከተ መጀመሪያ ሁሉንም ማሽን አንድ ዓይነት አድርጊ። እኔ ሰርቨሩን ዩቲሲ ላይ ትቼ የሲስተምዲ ታይመሩ ላይ ከሰዓቱ ቀጥሎ አፍሪካ/አዲስ_አበባ የሚለውን የሰዓት ክልል እጽፋለሁ፣ ይቀበላል። እንዲህ ከሆነ ኮንፊጉን የሚያነብ ሰው ማስላት የለበትም።

አገራችን ውስጥ ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለ። በስብሰባ ላይ «ሌሊት 8 ሰዓት» ተብሎ ይወሰናል። ኮንፊጉ ላይ የሚጻፈው 02:00 ነው። 08:00 ብሎ የጻፈ ሰው ሰርቨሮቹን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ያስነሳቸዋል። በዩቲሲ ማሽን ላይ 02:00 ብሎ የጻፈም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይሆንበታል፤ ችግር ቢመጣ ሥራ እስኪጀመር የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። በለውጥ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስጽፊ።

ቀኑ ማክሰኞ ለረቡዕ ሌሊት ቢሆን ይሻላል። አርብ አይሁን፣ ሰው የሚገኝበት የሥራ ቀን ከፊቱ ይኑር። የቴስት ማሽኖቹ ከሳምንት በፊት ይሂዱ፣ ከዚያ ብዙም የማይጎዱት፣ ከዚያ ዋናዎቹ። አፕዴቱም በዚሁ ዙር ይሂድ እንጂ ሁሉም በአንድ ሌሊት አይጫኑ። አሮጌ_ተርሚናል የነገረሽ ዓይነት ነገር ቢመጣ ቴስት ላይ ታዪዋለሽ።

በሰዓት ሥራ የሚያስጀምሩት ክሮንም ሆነ ሲስተምዲ የማያውቁት ሌላ ነገር የእኛ ካላንደር ነው። ገንዘብ ነክ ድርጅት ውስጥ የወሩ መጨረሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚከብደው። ደመወዝ አለ፣ መዝጊያ አለ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት ሲዘጋ ምንም መንካት አይገባም፤ ያ ቀን እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ላይ ይውላል። የበዓል ዋዜማም እንዲሁ፣ ሰው ሁሉ ገንዘብ የሚልክበት ነው። «የወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ» ብለሽ ክሮን ላይ ብቻ ከተውሽው አንድ ቀን ከእነዚህ ጋር ይጋጫል። የማይነኩ ቀኖችን የያዘ ተራ ፋይል አዘጋጂ፣ ፕሌይቡኩ ሲጀምር ያንብበው፣ ቀኑ እዚያ ካለ ምንም ሳይነካ ይውጣ። ፋይሉን ከፋይናንስ ክፍል ጋር ተቀምጣችሁ ሙሉት፣ እነሱ አንቺ የማታውቂያቸው ቀኖች አሏቸው።

ኩቤ_ቨርጂኒያ፦

ከወዲህ ማዶ ሰላም። ምሽት_ፈረቃ ያለውን ደግሜ አልጽፍም። ወደፊት ወደ ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም) ከሄዳችሁ ኩሬድ የሚባል መሣሪያ አለ፤ እኛ ጋ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ያችኑ ሪቡት-ሪኳየርድ ፋይል ይጠብቃል፣ ኖዱን (ማሽኑን) ከሥራ ያራግፋል፣ ያስነሳል፣ ይመልሳል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲሄድም ቁልፍ ይይዛል። የሰዓት መስኮትና የሰዓት ክልል ይቀበላል።

ላይቭፓች ይሻላል የሚል ሰው ሳይመጣ ደግሞ አንድ ልበል። ማሽኑን ሳያስነሱ የከርነሉን ቀዳዳ መድፈን ጥሩ ነው፣ ላይቭፓችን የያዘው ኡቡንቱ ፕሮ ለግል ጥቅም እስከ 5 ማሽን በነጻ ስለሚሰጥ ቤታችሁ ሞክሩት። ለድርጅት ግን ይከፈልበታል። የሚደፍነውም ከርነሉ ላይ ያሉትን ከባድ ቀዳዳዎች ብቻ ነው፤ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጠቀሙበት የጂሊብሲ ላይብረሪ ወይም የሲስተምዲ ጉዳይ ሲመጣ ሪቡቱ አይቀርም። ጊዜ ይገዛል።

አሮጌ_ተርሚናል፦

በዙር መሄዱን እቀበላለሁ። ዳታቤዙ ከወጣና ቴስቱ በሳምንት ከቀደመ እኔም እሞክረዋለሁ። የምጨምረው ባክአፕን ነው። ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ከሪቡቱ በፊት ስናፕሾት (የማሽኑ የዚያ ቅጽበት ሁኔታ) ይወሰድ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ይጥፋ። ተረስቶ የሚቀር ስናፕሾት እያበጠ ስቶሬጁን ይሞላዋል።

ሰርቨር_ክፍል፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ከባልደረባዬ ጋር ተነጋገርን። የምንጀምረው ከቴስት ማሽኖቹ ነው፣ ሳንጭን ሪቡት እናደርጋለን። ፐርሲስተንቱን ሁሉም ላይ ዘግተናል። ሁለቱ አሮጌ ሰርቨሮች ላይ የአይሎ ፓስወርድ የለንም፤ እሱ እስኪስተካከል አንነካቸውም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ለአለቃዬና ለኦዲተሩ ምን ላሳይ?

ምሽት_ፈረቃ፦

ለኦዲተሩ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃዋል፦ የማሽኑ ስም፣ የተጫነው ከርነል፣ እየሄደ ያለው ከርነል፣ መጨረሻ የተነሳበት ቀን። አንሲብል ይህን ከየማሽኑ ሰብስቦ በፋይል ይጽፍልሻል። ሁለቱ ከርነሎች የማይመሳሰሉበት መስመር በቀይ ይውጣ፣ ምክንያቱ ጎኑ ይጻፍ።

ለአለቃሽ ደግሞ ከየሌሊቱ ሥራ በኋላ ወደ ቴሌግራም ግሩፓችሁ አጭር መልእክት ይሂድ፤ ስንት ማሽን ተነሳ፣ ስንቱ ፍተሻውን አለፈ፣ የትኛው ላይ ቆመ። ምንም ሳይሠራ የወጣበት ሌሊትም መልእክት ይላክ፣ አለበለዚያ ፕሌይቡኩ ራሱ መሞቱን ማንም አያውቅም። የአይሎውን ነገር አታቆዪው። ሰርቨሩ አጠገብ ሆነሽ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) ካለሽ ከራሱ ከሊኑክሱ በአይፒኤምአይቱል መሣሪያ ፓስወርዱን መቀየር ይቻላል፣ ማጥፋት አያስፈልግም።